አማላጅ ሆይ፣ ስምህ ማን ነው?

ጓደኛዬ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አላት። በቀደም አንድ መሥሪያ ቤት አጀንዳና የቀን መቁጠሪያ ለማሳተም ጨረታ አወጣ። እሷም ሰነድ ገዝታ፣ ሲፒኦ አሠርታ፣ ሁለት ሌሊት ዋጋ ስትሠራ አድራ ፖስታዋን አሽጋ አስገባች። ከዚያ ተገናኝተን ማኪያቶ ስንጠጣ አብሮን የነበረ አንድ ልጅ የጠየቃት ስንት ብር እንደሞላች አልነበረም። "እዚያ ቤት ሰው አለሽ?" ነው ያላት። የላትም። "ታዲያ ምን አደከመሽ?" አላት። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"ሰው" የሚለው ቃል እንዲህ ሲነገር ማብራሪያ አይፈልግም። ስልክ የሚደውል፣ በር የሚያስከፍት፣ ፋይሉን ከታች ወደ ላይ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። አማርኛችን ለዚህ ሰው ስም አላጣለትም፤ አማላጅ፣ ደላላ፣ ጉዳይ ገዳይ ይለዋል። አሜሪካኖች ሎቢስት ይሉታል። የነሱ ልዩነት ሰውየው እነሱ ጋር አለመኖሩ አይደለም፤ እንዲያውም ሞልቷል። ልዩነቱ ስሙን፣ የቀጠረውንና የተከፈለውን እንዲያስመዘግብ ማስገደዳቸው ነው። እዚህ ለመድረስ ግን መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህንን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ አገር ሎቢስት የሚለውን ቃል ታላላቆቻችን የለመዱት በ2007 ይመስለኛል። ኤች.አር. 2003 የተባለው ስለ ኢትዮጵያ የተረቀቀ ሕግ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ የቀረበት ዓመት ነው። ያኔ የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን የዋሽንግተን ድርጅት ቀጥሮ እንደነበር ለማወቅ ጋዜጠኛው ሰላይ መሆን አላስፈለገውም። ለውጭ መንግሥት የሚወተውት ሁሉ እንዲመዘገብ የሚያስገድድ ሕግ ከ1938 ጀምሮ ስላለ፣ መዝገቡን ገልጦ ማንበብ በቂ ነበር።

ያ ወሬ ግን ስለ ሕግ አውጪዎች ደጅ ነው። የኔ የዛሬ ጉዳይ ሌላ ደጅ ነው። አማርኛ "ገዢ" የሚለውን አንድ ቃል ለሚያስተዳድረውም ለሚሸምተውም ሰጥቶታል። እውነትም መንግሥት ሁለት ጊዜ ይገዛል፤ አንዴ ሕግ አውጥቶ፣ አንዴ ገንዘብ አውጥቶ። አሜሪካኖች በመጀመሪያው ደጅ የቆመውን አማላጅ ቶሎ አዩት። በሁለተኛው ደጅ የቆመውን፣ ማለትም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃና አገልግሎት ሊሸጥ የመጣውን፣ ለማየት ግን በጣም ዘገዩ።

የጠመንጃው ኮሚሽን

ሐምሌ 1861። የእርስ በርስ ጦርነቱ ከተጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ የሰሜኑ መንግሥት ጠመንጃ ቸግሮታል። በሮድ አይላንድ ግዛት የሚገኘው ፕሮቪደንስ ቱል ኩባንያ ጠመንጃ መሥራት ይችላል፤ ዋሽንግተን ውስጥ ግን "ሰው" የለውም። ኖሪስ የሚባል ሰው "እኔ አለሁ" አለ። ከኩባንያው ጋር የተስማማው ሥራው ከተሳካ ብቻ ሊከፈለው ነው። ከዚያ የሚያውቃቸውን ሰዎች ይዞ ወደ ጦር ሚኒስቴር ገሰገሰ። ተሳካለትም፤ ኩባንያው 25,000 ጠመንጃ እያንዳንዱን በ20 ዶላር እንዲያቀርብ ውል ተሰጠው።

ጠቡ የመጣው ሒሳብ ላይ ነው። ኖሪስ 75,000 ዶላር ጠየቀ፤ በአንድ ጠመንጃ ሦስት ዶላር ማለት ነው። ኩባንያው ይህን ያህል አልከፍልም አለ። ኖሪስ ከሰሰ፤ ክርክሩም በ1864 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ዳኛ ስቲቨን ፊልድ የጻፉት ውሳኔ ዛሬም ይጠቀሳል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት ሲገዛ ሊያይ የሚገባው ጥራትና ዋጋን ብቻ ነው። አማላጁ "ከተሳካ ይከፈለኛል" ብሎ ሲመጣ ግን ነገሩ እንዲሳካ የማያደርገው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ኖሪስ በተግባር ጉቦ ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም የሚለውን መመርመር አያስፈልግም፤ ውሉ ራሱ ሰውን ወደ ብልሹነት የሚገፋ ስለሆነ ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም።

ጥሩ ፍርድ ነው። ግን ማን ተጠቀመ? ኖሪስ ኮሚሽኑን አጣ፤ ኩባንያው ግን ውሉንም ገንዘቡንም ይዞ ቀረ። ለጠመንጃው በተከፈለው ዋጋ ውስጥ የኖሪስ ድርሻ ተሰልቶ ገብቶበት ከነበረ፣ አንድ ሳንቲም ለሕዝብ አልተመለሰም። ፍርድ ቤቱ ያለው "ዕዳህን አላስከፍልልህም" ነው እንጂ "ስምህን አስመዝግብ" አይደለም። ከኖሪስ በኋላ የመጡት አማላጆች የተማሩት ትምህርትም ቀላል ነው፤ ተካስሶ ፍርድ ቤት አለመድረስ።

ከወንጀል ወደ መዝገብ

ቀጥሎ የመጣው መከልከል ነው። ጆርጂያ በ1877 ሕገ መንግሥቷ ሎቢ ወንጀል ነው ብላ ደነገገች። ካሊፎርኒያም በ1879 ተከተለቻት። የሚገርመው እገዳው አማላጁን ከደጅ አላስነሳውም። ምክንያቱም አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ዜጋ ለመንግሥት አቤት የማለት መብት አለው ይላል። አቤት ባዩንና ወትዋቹን ለያይቶ አንዱን ማሰር ደግሞ ስንዴና እንክርዳድ በጨለማ እንደ መልቀም ነው።

ማሳቹሴትስ በ1890 ሌላ መንገድ ሞከረች። አትከልክለው፣ መዝግበው። በሕግ አውጪው ምክር ቤት ደጅ የሚወተውት ሁሉ ስሙን፣ የቀጠረውንና የወጣውን ገንዘብ ያስመዝግብ አለች። ኒውዮርክ በ1906 ተከተለች። የሷ መነሻ የ1905 የመድን ኩባንያዎች ምርመራ ነው። በኋላ የግዛቱ አገረ ገዢ የሆኑት ጠበቃ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ የኩባንያዎቹን አለቆች አንድ በአንድ እያስቀረቡ ሲጠይቁ፣ በዋና ከተማዋ በኦልባኒ ለሕግ አውጪዎች መዝናኛ የሚሆን ቤት በመድን ገንዘብ ይተዳደር እንደነበር ወጣ። ሰዉ ቤቱን "የፈንጠዝያ ቤት" ይለው ነበር።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሕጎች ሁሉ የሚያዩት አንዱን ገዢ ብቻ ነው። ሕግ አውጪውን የምትወተውት ከሆነ ተመዝገብ፤ ለእስር ቤቱ ምግብ፣ ለመንገዱ ሬንጅ፣ ለቢሮው ማሽን ልትሸጥ ከመጣህ ግን ግባ። ለምን? ግዥ የጸሐፊ ሥራ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ይመስለኛል። ፖስታ ይከፈታል፣ ዝቅተኛው ዋጋ ይነበባል፣ አለቀ። ማማለድ ምን ይሠራለታል?

ሃያኛው መቶ ዓመት ግን ይህን አፈረሰው። ግዛቶች ከእስክሪብቶና ከከሰል አልፈው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የእስር ቤት አስተዳደር፣ የአማካሪ ምክር፣ የጡረታ ገንዘብ አስተዳደር መግዛት ጀመሩ። እንዲህ ያለውን ነገር በዋጋ ብቻ ማወዳደር አይቻልም። ኒውዮርክ ራሷ በ1995 ባወጣችው የግዥ ሕግ፣ አገልግሎት ሲገዛ ዝቅተኛው ዋጋ ብቻ ሳይሆን አጠቃላይ ጥቅሙ ይመዘን አለች። አስፈላጊ ለውጥ ነበር። ግን "ይመዘን" ስትል መዛኝ አለ ማለት ነው፤ መዛኝ ካለ ጆሮ አለው፤ ጆሮ ካለው የሚያንሾካሹክለት አይጠፋም።

ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያወጣ ስልክ

አልፎንስ ዳማቶ ኒውዮርክን ወክለው 18 ዓመት በሴኔት ቆይተው በ1998 ምርጫ ተሸነፉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1999፣ አንድ ስልክ ደወሉ። የደወሉት የኒውዮርክ ባቡርና አውቶቡስ ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ለኤም.ቲ.ኤ. ሊቀ መንበር ነው። ጉዳዩ መሥሪያ ቤቱ ለዋና ቢሮነት የተከራየው ሕንጻ ነበር፤ ያስደወሉት የሕንጻው ባለቤት ናቸው። ለዚያ ስልክ ዳማቶ 500,000 ዶላር ተከፈላቸው።

ወሬው ሲወጣ ሰዉን ያስቆጣው የገንዘቡ መብዛት ብቻ አልነበረም። ነገሩ ሕገ ወጥ አለመሆኑ ነው። የሎቢ ሕጉ ሕግና ደንብ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ መወትወትን እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ውል መወትወትን አይመለከትም ነበር። አንድ ሰው የምክር ቤት አባልን ስለ አንድ ረቂቅ አንቀጽ ቢያናግር ይመዘገባል፤ ስለ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሕንጻ ሊቀ መንበር ጋ ቢደውል አይመዘገብም።

በ2003 መጀመሪያ ሌላ ጉድ ተጨመረ። ከግዛቱ ጋር ውል የነበረው ኮሬክሽናል ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን የተባለ የግል እስር ቤት ኩባንያ ለሕግ አውጪዎች ነጻ መጓጓዣና ሌላ ስጦታ ሰጥቶ ባለማስታወቁ 300,000 ዶላር ተቀጣ። አንዲት የብሮንክስ ተመራጭም ጉቦ መቀበላቸውን አምነው ከምክር ቤት ወጡ። በዚያው ዓመት ሰኔ አገረ ገዢው ጆርጅ ፓታኪ፣ ለግዛቱ የሚሸጥ ሁሉ ውሉን ለማግኘት የቀጠራቸውን ሰዎች እንዲያሳውቅ የሚያዝ 127ኛ ትእዛዛቸውን ፈረሙ። በ2005 ደግሞ ምክር ቤቱ ሙሉ ሕግ አወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 2006 ነው።

የሕጉ አሠራር ብልሃት አለው፤ ትንሽ ልዘርዝረው።

አንደኛ፣ የግዥ ውትወታ እንደማንኛውም ሎቢ ተቆጠረ፤ ስለዚህ ወትዋቹ ይመዘገባል። "ከተሳካ ይከፈለኛል" የሚለው የኖሪስ ዓይነት ውልም ተከለከለ። የዳኛ ፊልድ ሐሳብ ከ140 ዓመት በኋላ በግዛት ሕግ ውስጥ ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የዝምታ ወቅት አለ። በዓመት ከ15,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ጨረታ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ውሉ እስኪጸድቅ ድረስ፣ ተጫራቹ ማናገር የሚችለው በስም የተጠቀሱትን ሠራተኞች ብቻ ነው። ጥያቄ ካለው በጽሑፍ ይጠይቃል፤ መልሱም ለተጫራቾች ሁሉ ይደርሳል። የተጫራቾች ስብሰባ ላይ መናገርና ቅሬታ ማቅረብ አልተከለከለም።

ሦስተኛው ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በዝምታው ወቅት አንድ ሰው ውሉን ሊያስለውጥ ቢደውል፣ የሚጽፈው ስልኩን ያነሳው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የደዋዩን ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የት እንደሚሠራና ተቀጥሮ ነው ወይስ በራሱ የደወለው የሚለውን መዝግቦ ከግዥው ፋይል ጋር ያስቀምጣል። እስቲ አስቡት። አንድ ተራ የግዥ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ስልክ ይጮሃል፤ የደወለው ትልቅ ሰው ነው። በፊት ሠራተኛው የነበረው ምርጫ ወይ መታዘዝ ወይ መቀያየም ነው። አሁን ሦስተኛ ምርጫ አገኘ፤ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሕጉ ስምዎን እንድጽፍ ያስገድደኛል።" ስሙ እንደሚጻፍ ያወቀ ትልቅ ሰው ደግሞ ከመደወሉ በፊት ሁለቴ ያስባል።

ቅጣቱም ገንዘብ ብቻ አይደለም። እያወቀ የጣሰ ተጫራች ያንን ውል ያጣል። በአራት ዓመት ውስጥ ከደገመ ለአራት ዓመት ለግዛቱ መሸጥ አይችልም። የነጋዴ ሕመም የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ሕግ ነው።

ታዲያ ሻጭ ሁሉ ሎቢስት ነው? ሕጉ እዚህ ላይ ተጨንቆበታል። ዕቃውን ይዞ እየዞረ የሚያስተዋውቀውን የኮሚሽን ሽያጭ ሠራተኛ በተለየ አንቀጽ ነጻ አድርጎታል። "ይህ ማሽን በደቂቃ ስንት ገጽ ያትማል" የሚለው መረጃ ነው፤ ገዢው መሥሪያ ቤትም ያስፈልገዋል። "የኛን ማሽን ያልመረጠ ሰው አለቃው ይቀየመዋል" የሚለው ግን ሌላ ነው። በመሐል ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ ጠበቆች እስከ ዛሬ እንጀራቸውን የሚበሉበት ነው።

በወረቀት ከረጢት የገባ ገንዘብ

ኒውዮርክ ይህን ስታደርግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንም ያላሰበው ሻጭ ነበር። ካልፐርስ የግዛቲቱ ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ነው፤ በአሜሪካ ካሉት የመንግሥት ጡረታ ፈንዶች ትልቁ። ይህ ፈንድ የሚገዛው ወንበርና ጠረጴዛ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያሠሩለትን ድርጅቶች አገልግሎት ነው። ድርጅቶቹ ደግሞ ከፈንዱ ጋር የሚያገናኛቸው ሰው ይቀጥራሉ። ከአገናኞቹ አንዱ አልፍሬድ ቪላሎቦስ ቀድሞ የካልፐርስ የቦርድ አባል የነበሩ ናቸው፤ ያገኙት ክፍያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነው። ነገሩ በ2009 ሲፈነዳ ሰው የጠየቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ እኚህ ሰው ሎቢስት ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው?

በ2010 የወጣው ሕግ መልስ ሰጠ። ከ2011 ጀምሮ ለግዛቲቱ ትልልቅ የጡረታ ፈንዶች የሚያገናኝ ሰው አስቀድሞ በሎቢስትነት ይመዝገብ፤ ከተሳካ የሚከፈል ኮሚሽንም ቀረ። የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ ቢሆንስ? ከሥራ ጊዜው ሢሶውን ወይም ከዚያ በላይ ገንዘቡን በማስተዳደር ላይ ካዋለ አገናኝ አይባልም፤ ሥራው ማግባባት ብቻ ከሆነ ግን ይባላል።

የካልፐርስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ፍሬድ ቡኤንሮስትሮ በ2014 ጥፋታቸውን አመኑ። ከቪላሎቦስ 200,000 ዶላር በጥሬው እንደተቀበሉ፣ ከፊሉ በወረቀት ከረጢት፣ ከፊሉ በጫማ ካርቶን ሳክራሜንቶ በሚገኝ ሆቴል እንደተሰጣቸው ለፍርድ ቤት ተናገሩ። በ2016 አራት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው። ክሱን የካዱት ቪላሎቦስ ግን ጉዳያቸው ሳይታይ በ2015 ሞተዋል። በዚያ ፈንድ ውስጥ ያለው የመምህራን ረዳቶች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የግዛቲቱ ጸሐፊዎች የእርጅና እንጀራ ነው።

መዝገቡ የማያየው

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። መዝገብ ሁሉን አያይም።

እዚያው ኒውዮርክ፣ በቡፋሎ ከተማ ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ትልቅ ግንባታ ታቀደ፤ ለአንድ ተቋራጭ የደረሰው ፕሮጀክት ብቻ 750 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጨረታውን ያወጣው የመንግሥት ቢሮ ሳይሆን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሰነዱ ላይ ተጫራቹ 50 ዓመት የሥራ ልምድ ይኑረው የሚል መስፈርት ተገኘ። ይህን የሚያሟላ የአካባቢው ተቋራጭ አንድ ብቻ ነው እየተባለ ሲንሾካሾክ፣ "የትየባ ስህተት ነው፤ 15 ለማለት ነው" ተባለ። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው የጨረታው መስፈርት ከመውጣቱ በፊት ለተመረጡት ተቋራጮች ተለክቶ ተሰፍቶ ነበር፤ ቶድ ሃው የተባለው ሎቢስትም ከዩኒቨርሲቲውም ከተቋራጮቹም ይከፈለው ነበር። ሃው ጥፋቱን አምኖ መሰከረ፤ ሌሎቹ በ2018 ጥፋተኛ ተባሉ። በግንቦት 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን በሙሉ ድምፅ ሻረው። የሻረው ነገሩ አልተደረገም ብሎ ሳይሆን፣ ዐቃቤ ሕግ የተጠቀመበት የማጭበርበር ትርጓሜ በፌዴራሉ ሕግ አይደገፍም ብሎ ነው።

የዝምታው ወቅት የሚጀምረው ጨረታው ሲወጣ ነው። ፖስታው ከመታተሙ በፊት ያለቀ ነገር ግን ምን ዝምታ ይከለክለዋል? ስፔሲፊኬሽኑን ለራሱ የጻፈ ሰው፣ ጨረታው ከወጣ በኋላ ስልክ መደወል አያስፈልገውም። አስመዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ቢሆን አልረጋም፤ በ2007፣ በ2011 እና በ2022 እየፈረሰ በሌላ ስም እንደገና ተሠርቷል። በዚያ ላይ ትንንሽ አቅራቢዎች የራሳቸው ስሞታ አላቸው፤ ትልቁ ኩባንያ ሕጉን የሚያነብለት ጠበቃ አለው፣ እኛ ማን አለን ይላሉ። ሐሰት አይደለም።

ታዲያ መዝገቡ ምን ጠቀመ? ለኔ መልሱ ያለው ተሸናፊው ዘንድ ነው። መዝገብ አማላጁን ጻድቅ አያደርገውም። የተሸነፈው ትንሽ ነጋዴ ግን ከሐሜት በላይ የሚይዘው ነገር ያገኛል። አሸናፊው ማንን እንደቀጠረና ስንት እንደከፈለ ወረቀት አውጥቶ ሊያይ፣ ቅሬታውን በስምና በቀን ሊያቀርብ፣ ጋዜጠኛም ሊጽፍለት ይችላል። ከላይ የቆጠርኳቸው ቅሌቶች መፍትሔ የተፈለገላቸው ስም ሲወጣላቸው ነው። "ሰው አለው" የሚለው ሹክሹክታ ማንንም አስከስሶ አያውቅም።

ጓደኛዬ በጨረታው አላለፈችም። በቴክኒክ ግምገማ ወደቅሽ ተባለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም። ምናልባት ያሸነፈው በእርግጥ የተሻለ ማሽን ያለው ነው፤ ምናልባት በንጹሕ አሸንፎ ሳለ በከንቱ እየታማ ነው። መዝገብ የሌለበት ቤት ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሌባውንም ንጹሑንም እኩል ያሳማል።

ስለዚህ እናንተም ጨረታ ከተሸነፋችሁ "ማን አሸነፈ?" ብላችሁ አትመለሱ። "ማን ደወለ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ የተጻፈበት ቦታ ከሌለ ደግሞ ለምን እንደሌለ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።